የናፍቆቱ ባለቤት

አራት ኪሎ፣ የሚያዝያ 27 አደባባይ ሐውልት በመስኮት ከሚታይበት አንድ ሕንፃ ላይ፣ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ሰነድ፣ ውክልናና የትምህርት ማስረጃ ሲሆን፣ እነዚህን መተርጎም ቃል ከመምረጥ ይልቅ የስም አጻጻፍ እንዳይዛባና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ሲመለስ ቀኑ እንዳይፋለስ መጠንቀቅን ይጠይቃል። ባለፉት ዓመታት ግን ሌላ ዓይነት ሥራ እየበዛ መጥቷል። ውጭ አገር ከሚኖር የትዳር ጓደኛቸው ጋር ለመቀላቀል የሚያመለክቱ ሰዎች፣ ትዳራቸው የእውነት መሆኑን ለማስረዳት በቴሌግራምና በኢሞ የተጻጻፉትን ገጽ በገጽ አሳትመው ያመጡልናል። ሰላምታ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናት ሕመም፣ የተላከ ገንዘብ፣ ኩርፊያና ዕርቅ ሁሉ አለበት፤ በዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ገጽ ሳይዘል የሚመላለስ አንድ ቃል አለ፤ «ናፈቅሽኝ»። በልጅነቴ ተምሬ የጨረስሁት ይመስለኝ የነበረውን «ሚስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ እንደገና፣ በዚህ ጊዜም በወጉ፣ የተማርሁት በዚህ ቃል ምክንያት ነው።

ከግሱ በፊት የማውቀው ሌላ «ሚስ» ነበር። በከተማችን ትምህርት ቤቶች ሴት መምህርን «ሚስ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ ይህኛው «ሚስትረስ» ከሚለው የእመቤትነት መጠሪያ አጥሮ የቀረ ስም ስለሆነ ከግሱ ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው። ግሱን ያስተማሩን መምህርት ጥቁር ሰሌዳው ላይ «መሳት፣ ማጣት፣ መናፈቅ» ብለው ጻፉልን፤ እኛም ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ሦስቱም ፍቺዎች ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ማን ከግሱ በፊት፣ ማን ከግሱ በኋላ እንደሚቀመጥ አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት አርባ ያህል ገጽ ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። ሥራውን የጀመረችው አብራኝ የምትሠራው ልጅ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ፍጥነቷም ያስቀናል። ማኅተም ከመምታታችን በፊት ረቂቁን ለባለጉዳይ ማሳየት ልማዳችን ስለሆነ ለወጣቷ ሰጠናት። አብዛኛው ሰው ስሙን ብቻ አይቶ ይመልሳል፤ ይህች ግን ወንበር ስባ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳርፋ ቀና አለች። ባለቤቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ናፈቅኩሽ» ብሎ ጽፎላታል፤ የጥያቄ ምልክት አላደረገበትም። እሷም «እንዴት አትናፍቀኝም» ብላ መልሳለታለች። የእኛ ረቂቅ የእሱን መስመር «አይ ሚስድ ዩ» ብሎ ተርጉሞታል።

«እሱ እኮ ናፈቅሽኝ አላለኝም» አለች። «ናፈቅኩሽ ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እዚህ ላይ ናፋቂዋ እኔ ነኝ።»

ልክ ነበረች። «ናፈቅኩሽ» በሚለው ቃል ውስጥ በሰዋስው አነጋገር «ኩ» የባለቤቱ፣ ማለትም የአድራጊው፣ «ሽ» ደግሞ የተሳቢዋ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚደርስባት ሰው ምልክት ነው፤ ስለዚህ ቅርጹን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው «ኩ»ን «አይ»፣ «ሽ»ን «ዩ» ቢያደርገው የሚያገኘው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉን የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን አማርኛችን ናፍቆትን በሁለት ሰዎች መካከል ሲያስቀምጥ ባለቤት የሚያደርገው የሚናፈቀውን ሰው ነው። ናፋቂው በተሳቢው ቦታ፣ ነገሩ በሚደርስበት በኩል ይቀመጣል። ባልየው «ናፈቅኩሽ» ሲል ስለ ራሱ ናፍቆት አልተናገረም፤ የእሷን ናፍቆት ጠየቀ። በእንግሊዝኛው ደግሞ ናፋቂው «አይ» ሆኖ ከፊት ይቆማል፣ የሚናፈቀው ከግሱ በኋላ ይከተላል። አንዱን ወደ ሌላው ለማሻገር የሁለቱን ሰዎች ቦታ ማለዋወጥ ግድ ይሆናል። እርግጥ «ልጁ እናቱን ናፈቀ» ስንል ናፋቂው በአማርኛም ባለቤት ይሆናል፤ «እኔ» እና «አንቺ» በአንድ ቃል ውስጥ ሲገናኙ ግን የሚሰማው ትርጉም ከላይ ያልሁት ነው። መስመሩን «ዲድ ዩ ሚስ ሚ» ብለን አስተካከልን፤ ከዚያም ወረቀቱን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረን ፈተሽን።

ስንፈትሽ ሌላ ስሕተት አገኘን፤ ይህኛው የጊዜ ነበር። «ናፈቅሽኝ» የሚለው በየቦታው «አይ ሚስድ ዩ» ተብሎ በኀላፊ ጊዜ ተተርጉሟል። የቃሉ ቅርጽ በእርግጥ ኀላፊ ነው፤ ግን አማርኛ በሰውነትና በልብ ላይ የሚደርሰውን ነገር ሲናገር በኀላፊ ቅርጽ የአሁኑን ስሜት ይገልጻል። «ራበኝ» የሚል ሰው አሁን ምግብ ይፈልጋል፤ «በረደኝ» ያለች ሴት አሁን ጋቢ ይደረብላት፤ «ደከመኝ» ያለ አባት አሁን ወንበር ይሳብለት። «ናፈቅሽኝ»ም እንደዚሁ ገና ያላበቃ ናፍቆት ነው። «አይ ሚስድ ዩ» የሚባለው ደግሞ በተለምዶ ሰዎቹ ሲገናኙ፣ ለምሳሌ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተቃቅፈው ናፍቆቱ ሲያበቃ ነው። ባሕር ማዶ ለማዶ ሆነው ለሚጻጻፉ ባልና ሚስት የሚስማማው «አይ ሚስ ዩ» ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ «ጣቢያው ላይ አይ ሚስድ ዩ» ቢል «ተላለፍን፣ ሳላገኝሽ ቀረሁ» ማለትም ይሆናል። የትዳር ማስረጃ በሚመረምር ሰው እጅ ላይ የሚወድቅ ወረቀት፣ ናፍቆቱን ሁሉ ያለፈ አስመስሎ ባይቀርብ ይሻላል። ያን ቀን እስከ ምሽት ተቀምጠን አርባውንም ገጽ አቃናን።

ከዚያ በኋላ ግሱን በየሄድሁበት መከታተል ጀመርሁ። የእንግሊዝኛው «ሚስ» በጣም ብዙ ነገር ይሸከማል፤ እኛ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቃል አለን። አውቶቡስ ያመልጠናል። ዒላማ እንስታለን። ከክፍል እንቀራለን። ሰው ሲናገር አንድ ቃል ሳንሰማ ያልፈናል። ከሰነድ አንድ ገጽ ይጎድላል። ሰው ይጠፋል። እንግሊዝኛው ለዚህ ሁሉ ያንኑ ቃል፣ ወይም ከእሱ የተቀጠለውን «ሚሲንግ»ን፣ ይጠራል። መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ «ዩ ካንት ሚስ ኢት» ቢባል ስለ መናፈቅ ምንም አልተነገረውም፤ ቦታው ጎልቶ ስለሚታይ አይስቱትም መባሉ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሲወጡ ብሔራዊ ሙዚየምን እንደዚያ ማለት ይቻላል።

በአማርኛው አውቶቡሱ ባለቤት ሆኖ «ያመልጠኛል»፤ በእንግሊዝኛው እኔ ባለቤት ሆኜ አውቶቡሱን «ሚስ» አደርጋለሁ። ይህን ልዩነት እያነሡ «እኛ ጥፋታችንን ለአውቶቡሱ እንሰጣለን፣ ፈረንጁ ግን ኃላፊነቱን ይወስዳል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህን አባባል አልቀበለውም። ከሰዋስው ተነሥቶ የአንድን ሕዝብ ጠባይ መፍረድ አይገባም፤ ፍርዱ በእንግሊዝኛው በራሱ ላይ እንኳ አይጸናም። እንግሊዛዊ ስም ሲጠፋው ስሙ «አመለጠኝ» ይላል፤ ልክ እንደ እኛ። ወደ ኋላ ቢኬድ ደግሞ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ግሶች እንደ አማርኛው ነበሩ። ዛሬ «ወደደ» ብለን የምንፈታው «ላይክ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ደስ አሰኘ» ማለት ነበር፤ የሚወደደው ነገር ባለቤት፣ ደስ የሚለው ሰው ተሳቢ፣ ከእኛ «ደስ ይለኛል» ጋር አንድ ዓይነት አቀማመጥ። ረኃብም እንደዚሁ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ሆኖ ይነገር ነበር። «ይመስለኛል» ከምንለው ጋር የሚገጥመው «ሚቲንክስ» የሚባለው አሮጌ አነጋገር እስከ ሼክስፒር ዘመን ድረስ ቆይቷል። አቀማመጡ ቀስ በቀስ የተገለበጠው በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። እነዚያ ሰዎች ቋንቋቸው ስለተገለበጠ በድንገት ኃላፊነት የሚሰማቸው አልሆኑም።

ፈረንሳይኛ ደግሞ ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ፈረንሳዊ «ቱ ሙ ማንክ» ሲል ባለቤቱ «አንተ» ነህ፣ ተናጋሪው ተሳቢ ነው፤ «ትጎድለኛለህ» እንደ ማለት፤ «ናፈቅከኝ» በዚያው አቀማመጥ ይገባበታል። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የተማረው ሰው በብዛት የሚያውቀው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ለገሃር የሚለው ስምም ከባቡሩ ጋር የመጣ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘው። የዚያ ድል መታሰቢያ የሆነውን ሐውልት በመስኮት እያየሁ ስተረጉም አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ የትምህርት ቤታችን ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህ አንድ ቃል ብዙም ባላስቸገረን።

የሁለቱ ቃላት መነሻ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ይመስጠኛል። የእንግሊዝኛው «ሚስ» ጥንት የተወረወረ ነገር ዒላማውን ሳይመታ መቅረቱ ነው፤ ናፍቆቱ ብዙ ቆይቶ የመጣ ፍቺ ነው። «ሚስቴክ» ከሚለው ቃል ፊት ያለው «ሚስ»ም ዘመዱ ነው፤ እኛም «ስሕተት»ን ያገኘነው «ሳተ» ከሚለው ስለሆነ በዚህ በኩል ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ አንድ መንገድ ሄደዋል። የእኛ «ናፈቀ» ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ነ፣ ፈ፣ ቀ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይዞ ወደ ግዕዝ የሚመለስ ሰው የሚያገኘው መከፈልን ነው። «መንፈቅ» ግማሽ ነው፤ «መንፈቀ ሌሊት» የሌሊቱ እኩሌታ ነው፤ «ንፍቀ ክበብ» የምድር ግማሽ ነው፤ «መናፍቅ»ም ልቡ በእምነቱ ላይ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። «ናፍቆት»ን ከእነዚህ ጎን ሳስቀምጠው ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ የቀረ ሰው ይታየኛል። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፤ ግን በእነዚያ የመልእክት ገጾች ላይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚጻፈውን ሳነብ ትክክል ይመስለኛል።

የእንግሊዝኛው ቃል እስከዚያው ድረስ ወደ አማርኛችን መግባቱን አላቆመም። በመጀመሪያ በስልክ ገባ። ሒሳብ እንዳይቆጥር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋው ጥሪ «ሚስኮል» ተባለ፤ «ስትደርሺ ሚስኮል አድርጊልኝ» እንባባላለን። በእንግሊዝኛው ስሙ ያመለጠ ጥሪ ነው፤ በእኛ እጅ ግን ሆን ተብሎ የሚደረግ፣ «ደርሻለሁ» ወይም «አስታውሼሃለሁ» የሚል መልእክት ሆነ። «አድርጊልኝ» ተብሎ ይለመናል እንጂ አያመልጥም።

ቀጥሎ የመጣው «ሚስ አደረግኩሽ» ነው፤ በከተማችን ወጣቶች አፍ ላይ በየቀኑ የሚሰማ። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ቋንቋ አበላሹ እያሉ ይቆጣሉ። እኔ ቃሉን ሳደምጠው የሚታየኝ አቀማመጡ ነው፤ «አደረገ» የሚለውን ረዳት ይዞ ስለገባ ናፋቂው ባለቤት ሆኗል። «ናፈቅሽኝ» ሲል ሥራው የእሷ ነበር፤ «ሚስ አደረግኩሽ» ሲል ሥራው የእሱ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ሲመጡ የባለቤት ምልክቱ እየተገለባበጠ ይሄዳል፣ ናፋቂው ግን አንድ ሰው ነው፤ ወደ እንግሊዝኛም ሁለቱም «አይ ሚስ ዩ» ሆነው ይገባሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ከእጄ እንደሚወድቅ ይሰማኛል። «ናፈቅሽኝ» ውስጥ ያለው መሸነፍ፣ ነገሩ ሳይጠሩት የመጣ መሆኑ፣ በእንግሊዝኛው አይታይም፤ ማስታወሻ ብጽፍበት ደግሞ የሚያነበው ሰው የለም።

ከአጠቃቀሙ ውስጥ እኛን በተለይ የሚያሳስተን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ከ«ሚስ» በኋላ ሌላ ግስ ሲመጣ «ቱ» ሳይሆን «ኢንግ» ነው የሚከተለው፤ «አይ ሚስ ሂሪንግ ዩር ቮይስ»፣ ማለትም ድምፅሽን መስማት ናፈቀኝ። ሁለተኛውን ግን ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርሁት። ሥራውን በጀመርሁበት ዓመት ለአንድ ተማሪ የማስረጃ ደብዳቤ ስተረጉም፣ ዋናው ሰነድ መጥፋቱን ለመግለጽ «ሚስድ» ብዬ ጻፍሁ፤ ትክክሉ «ሚሲንግ» ነበር። የጠፋ፣ የጎደለ፣ በቦታው የሌለ ነገር «ሚሲንግ» ነው፤ «ሚስድ» ያልተያዘ፣ ያለፈ፣ ወይም የተናፈቀ ነው። ደብዳቤውን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ሰነዱን ማን ሳያቀርብ እንደቀረ እንዲብራራለት ጠይቆ መለሰው፤ ልጁ በእኔ አንድ ቃል ምክንያት አንድ ወር ዘገየ። ምንም አልተናገረኝም፤ ሁለተኛውን ትርጉም ተቀብሎ አመስግኖኝ ሄደ። ዛሬም በየሳምንቱ ከባለጉዳዮች በሚመጡ ደብዳቤዎች ላይ ያንኑ «ሚስድ» አገኘዋለሁ፤ ሳልነግራቸውም አላልፍም።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ተወልዳ ያደገችበት የፒያሳ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት አንዱ ነበር፤ አሁንም ማለዳ ቡና ሲፈላ «ሰፈሬ ናፈቀኝ» ትላለች፤ ሰፈሩ የት ሄዶ ነው የሚናፍቃት ብዬ አልጠይቃትም። የእህቴ ልጅ ተወልዳ የምታድገው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። አማርኛዋን በቤት የተማረች ስለሆነ ብዙ ቃል ታውቃለች፤ ዓረፍተ ነገሩን የምታቆመው ግን በእንግሊዝኛው መሠረት ላይ ነው። አንድ እሑድ «አያቴ፣ ናፈቅኩሽ» አለቻት። እኔ የተባለውን አወቅሁት፤ «አይ ሚስ ዩ» ማለቷ ነው፣ ቦታውን ሳታለዋውጥ። እናቴ ግን የሰማችው በአማርኛ ነው፤ ልጅቷ «ናፈቅኩሽ ወይ» ብላ የጠየቀቻት መሰላት።

«እንዴታ የኔ እናት! ናፈቅሽኝ እንጂ! አንቺ ያልናፈቅሽኝ ማን ይናፍቀኝ ብለሽ!»

ልጅቷ በደስታ ሳቀች፣ ምክንያቱም እሷ ደግሞ የሰማችው መልስ «እኔም» የሚል ነው። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ላርም አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። አርባ ገጽ ያቃናሁ ሰው ነኝ፤ ያን ግን የማቃናበት ምክንያት አላገኘሁም።

በቅርቡ ለልጅቷ ልደት የሚላክ ካርድ ገዛሁ። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች ስለሆነች አማርኛ ታነባለች፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ግን አታውቀውም። እኔ እየጻፍሁ እሷ ታዝዛለች። ከላይ «ናፈቅሽኝ» ብዬ ጻፍሁ፤ ልጅቷ ራሷ እንድታነበው ብዬ ከሥሩ እንግሊዝኛውን ጨመርሁ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን ወደ ብርሃን አቀረበች።

«እኔ የቷ ነኝ?» አለችኝ።

«ፊተኛዋ፣ ብቻዋን የቆመችው።»

«እሷስ?»

«መጨረሻ ላይ ያለችው።»

«በመካከል የገባው ምንድን ነው ታዲያ?»

«ናፍቆቱ ነው።»

ከዚያ ጣቷን ወደ ላይኛው መስመር ወሰደች፤ «የእኛውስ?» ብላ። ስንት ጊዜ ተርጉሜው ያን ቀን ገና አየሁት። «ናፈቅ» መጀመሪያ ይመጣል፤ ከዚያ «ሽ»፣ ከዚያ «ኝ»፤ አንቺና እኔ ተጠጋግተን፣ በመካከላችን ምንም ሳይገባ። በጣቴ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ ይህንኑ ነገርኋት። ጥቂት አየችውና መነጽሯን አወለቀች።

«በል እሱን በትልቁ ጻፈው» አለችኝ። «የእንግሊዝኛውን ከሥር አድርገው፤ ካልገባት እናቷ ታነብላታለች።»

ሌላ ካርድ ገዝቼ እንደ ቃሏ ጻፍሁት።